40 መጻሕፍት፣ 7 ብዕሮች

ከ1913 እስከ 1942 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ስለ አንዲት የተረት አገር በየዓመቱ አንድ አዲስ የልጆች መጽሐፍ ይወጣ ነበር። አንድም ዓመት አልተዘለለም። 30 ዓመት፣ 30 መጽሐፍ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ አበቃ፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ፣ ሁለተኛው ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ መጽሐፉ ግን እንደ ዓመት በዓል ወቅቱን ጠብቆ ይደርስ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ በመካከሉ፣ በ1919፣ ደራሲው መሞቱ ነው። ደራሲው ሞቶም ልጆቹ አንድ ዓመት እንኳ ያለ መጽሐፍ አላሳለፉም።

የውጭውን ታሪክ ስናገር ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ። የእነዚያን 30 ዓመታት ርዝመት በራሳችን ታሪክ ስንለካው ይበልጥ ይገባናል። የ1913ቱ መጽሐፍ ሲወጣ አፄ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ቢሆኑም በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ልጅ ኢያሱ መጡ፣ ሄዱ። ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፣ ዐረፉ። የአምቦ ውኃ በጠርሙስ መታሸግ በጀመረበት በ1930 ስለዚችው የተረት አገር 24ኛው መጽሐፍ ታትሞ ነበር። ማይጨው ሆነ፣ ጠላት 5 ዓመት ተቀመጠ፣ ንጉሡ ተመለሱ። የ1942ቱ መጽሐፍ ለልጆች ሲሸጥ እኛ ነጻ ከወጣን ዓመት አልፎን ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲነገር የኖረው አንድ ተረት ነው።

አገሪቱ ኦዝ ትባላለች። ካንሳስ በሚባለው የአሜሪካ ሜዳማ ክፍለ ሀገር የምትኖር ዶሮቲ የምትባል ልጅ ከነቤቷና ከነውሻዋ በዐውሎ ነፋስ ተነሥታ እዚያ ትወድቃለች። መንገድ ላይ ከሦስት ጓደኞች ጋር ትገናኛለች፤ አንዱ አእምሮ የሚፈልግ የገለባ ማስፈራሪያ፣ ሁለተኛው ልብ የሚፈልግ የቆርቆሮ ሰው፣ ሦስተኛው ድፍረት የሚፈልግ አንበሳ ነው። አራቱም ምኞታችንን ይፈጽምልናል ወዳሉት ወደ ታላቁ ጠንቋይ ይጓዛሉ። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ በ1939 ከተሠራው ፊልም የተነሣ ታሪኩን በጭላንጭል ያውቀዋል። ፊልሙ የያዘው ግን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ብቻ ነው። ከጀርባው ሌሎች 39 አሉ።

የመጀመሪያውን የጻፈው ፍራንክ ባውም ነው። ልጆቹን ለማሳደግ ያልሞከረው ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ቴአትር ሠርቷል። ዶሮ አርብቷል፤ በ1886 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉም ስለ ዶሮ ነው። በዳኮታ ሱቅ ከፈተ፣ ከሰረ። ጋዜጣ ያዘ፣ እሱም ተዘጋ። ቺካጎ ገብቶ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ ሸጠ። ማታ ማታ ግን ለአራት ወንዶች ልጆቹና ለሰፈር ልጆች ተረት ያወራ ነበር። ከእነዚያ ምሽቶች የመጣው መጽሐፍ በግንቦት 1900 ታተመ፤ በእኛ 1892 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ዓድዋ ከሆነ 4 ዓመቱ። ባውም 44 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው እትም 10,000 ቅጂ ሲሆን ሁሉም አለቀ።

10,000 ቅጂ ስንት ነው? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአምቦ ከተማ ነዋሪ 48,171 ነበር። የመጀመሪያው እትም ብቻ ለአምቦ ቢታደል ከ5 ሰው አንዱ ይደርሰው ነበር። የመጽሐፉ የባለቤትነት መብት በሕግ እስኪያበቃ፣ እስከ 1956 ድረስ ደግሞ 3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። በዚያው ቆጠራ የምዕራብ ሸዋ ዞን ሕዝብ 2,058,676 ነው። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ከባኮ እስከ ግንጪ ላለው ሰው ሁሉ አንዳንድ መጽሐፍ ብናድል 941,324 ይተርፈናል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሕዝቡ 45 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ስለነበር ያንኑ ምጣኔ ለዞኑ ብንወስድ ከ926,000 የሚበልጡ ልጆች ይገኛሉ። ለእያንዳንዳቸው ሁለተኛ ቅጂ እንስጥ። አሁንም ወደ 15,000 የሚጠጋ መጽሐፍ እጃችን ላይ አለ።

በመደርደሪያ ደግሞ እንለካው። የአንዱን መጽሐፍ ውፍረት 2.5 ሳንቲሜትር እናድርገውና 3 ሚሊዮኑን ጎን ለጎን እናቁማቸው። መደርደሪያው 75 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከአምቦ አውቶቡስ መናኸሪያ ጀምረን ወደ አዲስ አበባ ብንደረድረው ግንጪን ያልፋል፣ አዲስ ዓለምን ያልፋል፣ የሚያልቀው ሆለታ አካባቢ ነው። በአውቶቡስ መስኮት ከአንድ ሰዓት በላይ እያዩት የሚሄዱት መደርደሪያ፣ ያውም ከ40ዎቹ የአንዱ ብቻ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቅጂው ብዛት አይደለም። ቅጂ ማተሚያ ቤት ያበዛዋል። የሚገርመኝ ሰዎቹ ናቸው፤ ደራሲው ሲሞት ተረቱን ከእጁ የተቀበሉት።

ባውም ራሱ ተረቱን ሊዘጋው ሞክሮ ነበር። ስለ ኦዝ 5 መጻሕፍት ከጻፈ በኋላ ታከተው፤ ሌላ ነገር መጻፍ ፈለገ። በ1910 በወጣው ስድስተኛ መጽሐፍ ላይ ኦዝ በአስማት ከዓለም ዐይን እንድትሰወር አደረገ፤ ከእንግዲህ ከዚያ ወሬ አይመጣም ብሎ አንባቢዎቹን ተሰናበተ። ልጆቹ ግን ስንብቱን አልተቀበሉም፤ ደብዳቤው አላቋረጠም። በዚያ ላይ ባውም ኦዝን በፊልምና በስላይድ እያሳየ ለመዞር ባወጣው ገንዘብ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ስለነበር በ1911 በይፋ ከሰረ። የተሰወረችውን አገር እንዴት መልሶ ያግኛት? መላውን የመታው አንድ ልጅ እንደሆነ በ1913ቱ መጽሐፍ መግቢያ ይነግረናል። ዶሮቲ ለምን በገመድ አልባ ቴሌግራፍ ወሬ አትልክልንም? ብሎ ጠየቀው። ባውምም ግቢው ውስጥ ምሰሶ አቁሞ፣ ቴሌግራፉን ተምሮ፣ የኦዝን ወሬ ከአየር ላይ ጠለፈ፤ በተረቱ ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ አደንቃለሁ። ሳይንሱ ያኔ አዲስ ነበር። ለደራሲ የጠፋውን በር የከፈተለት ግን አንባቢው ነው፤ ለዚያውም ልጅ።

ከዚያ በኋላ ባውም አልቆመም። በ1919 በ62 ዓመቱ ሲሞት ሁለት የኦዝ መጻሕፍት ጽፎ አስቀምጦ ነበር፤ አንደኛው በዚያው ዓመት ሁለተኛው በ1920 ታተመ። የእሱ ድርሻ በዚህ 14 ሞላ። ሌላውን ሥራውን ስንደምርማ 41 ሌሎች ልቦለዶች፣ 83 አጫጭር ታሪኮችና ከ200 በላይ ግጥሞች አሉት። ለአንድ ሰው ዕድሜ ከበቂ በላይ ነው፤ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም አይወቅሰውም ነበር።

አሳታሚው ግን ሰው ፈለገ። በፊላዴልፊያ አንድ ጋዜጣ ላይ የልጆችን ገጽ የምታዘጋጅ ሩት ፕለምሊ ቶምሰን የምትባል ወጣት ተገኘች። በ1891 ስለተወለደች የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲወጣ ገና 9 ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች፤ ኦዝን በልጅነቷ እያነበበች ያደገች ናት። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ሞቷል። እናቷንና ታማሚ እህቷን የምታስተዳድረው በብዕሯ ነው። የባውም ባለቤት ሞድ ፈቀደች፣ ሩትም ተቀበለች፤ በ1921 የመጀመሪያ መጽሐፏ ወጣ።

የዚያ መጽሐፍ ሽፋን ቀረብ ብለው ሊያዩት የሚገባ ነገር ነው። በትልቁ የተጻፈው የባውም ስም ነው፤ የቶምሰን ስም ከሥር ገብቶ ጽሑፉን ያሰፋችና ያረመች ይላታል። ባውም ማስታወሻ ትቶ እሷ ያሟላችው ይመስላል። እውነቱ ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የጻፈችው እሷ ናት። አሳታሚው ልጆቹ እንዳይደነግጡ ፈርቶ፣ የሞተው ሰው አሁንም ይጽፍላችኋል ማለቱ ነበር። ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ግን ስሟ በደራሲነት በሽፋኑ ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ። 1921፣ 1922፣ 1923 እያለች እስከ 1939 ድረስ። 19 ዓመት፣ 19 መጽሐፍ። ስትጀምር 30 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ስትጨርስ 48 ሆናለች። አንድ መጽሐፍ ጽፎ ለመጨረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር በቀላሉ አያልፈውም። ልጅ ደግሞ ይቅርታ የማያውቅ አንባቢ ነው፤ የዘንድሮው ከአምናው ካነሰ ወዲያው ይነግርሃል። የባውም ወዳጆች ዛሬም ይከራከሩባታል። የእሷ ኦዝ ይፈጥናል፣ ቀልድ ይበዛበታል፣ ትንንሽ መንግሥታትና ልዑላን ይርመሰመሱበታል ይላሉ። እውነት ነው፤ የባውምን ዝግታና ያንን የገበሬ ቤት ቅንነት ለሚወድ ሰው የእሷ ጥድፊያ ይከብደዋል። እኔ ግን ከዳኞቿ ጎን አልቆምም። የሌላ ሰው ቤት ውስጥ ገብቶ፣ ዕቃውን ሳይሰብሩ፣ 19 ዓመት እንግዳ ማስተናገድ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት።

ከዚያ በኋላ በ1972 እና በ1976 ሌሎች ሁለት መጻሕፍቷ ታተሙ። ድምሩ 21 ነው። መሥራቹ የጻፈው 14። ወራሿ ከአባትየው በግማሽ እጥፍ በለጠች።

ብዕሩ ከእሷ በኋላም እጅ ለእጅ ሄደ። በ1940፣ በ1941 እና በ1942 የጻፈው ጆን ኒል ነው፤ እሱ ደግሞ ከ1904 ጀምሮ የመጻሕፍቱ ሠዓሊ የነበረ ሰው ነው። የባውምን 13፣ የቶምሰንን 19፣ የራሱን 3 ሥሏል። ከ40ው 35ቱ ማለት ነው። ደራሲዎቹ ሲለዋወጡ ልጆች የዶሮቲን ፊት ሳይሳሳቱ ያወቁት በእሱ እጅ ነው። በ1943 ሲሞት የ30 ዓመቱ ሰንሰለት ተበጠሰ።

ቀጥሎ የመጣውን ሰው እወደዋለሁ። ጃክ ስኖው ይባላል። ባውም የሞተ ጊዜ ይህ ሰው የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ወሬውን ሲሰማ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፈ፤ የሚቀጥለውን የኦዝ መጽሐፍ እኔ ልጻፈው አለ። ሥራው ለቶምሰን ተሰጠ። ልጁ አደገ፤ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ሠራ፤ ሐሳቡን ግን አልተወም። በ1946 የጃክ ስኖው የኦዝ መጽሐፍ ታተመ። ደብዳቤውን ከጻፈ 27 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1949 ሁለተኛውን ጨመረ፤ በ1954 ደግሞ በኦዝ ታሪኮች ውስጥ የሚገኙትን ገጸ ባሕርያት ሰብስቦ ማውጫ አወጣ። ከ600 በላይ ናቸው። ሰዎች፣ እንስሳት፣ ጠንቋዮች፣ ከጨርቅ የተሰፉ ልጆች፣ በሞተር የሚሄዱ ፍጡሮች። 600 ፍጡር ለሞላበት መንደር የሚበቃ ስም ማውጣትና ማስታወስ አንድ ራስ ብቻውን የሚችለው ነገር አይደለም።

በ1951 ሬቸል ኮስግሮቭ አንድ ጻፈች። በ1963 ኤሎይዝ መግሮው ከልጇ ከሎረን ጋር አርባኛውን ጻፉ። እናትና ልጅ አንድ ላይ ተቀምጠው የልጆች ተረት መጨረሳቸው ለ40ኛ መጽሐፍ የሚገባ ነገር ይመስለኛል። ሁሉንም ስንደምር 63 ዓመት፣ 40 መጽሐፍ፣ 7 ጸሐፊ። ባውም የጻፈው ከመቶ 35 እጁን ሲሆን 65 እጁን የጻፉት ሌሎች ናቸው። ልጅ በወር አንድ ቢያነብ 3 ዓመት ከ4 ወር ይፈጅበታል፤ ሦስተኛ ክፍል ሲገባ ቢጀምር የሚጨርሰው ስድስተኛ ክፍል ሆኖ ነው።

ይህ አሜሪካ ብቻ ነው። ሩሲያ ውስጥ አሌክሳንደር ቮልኮቭ የሚባል የሒሳብ መምህር እንግሊዝኛውን ለማሻሻል ብሎ የባውምን የመጀመሪያ መጽሐፍ መተርጎም ጀመረ፤ እየተረጎመ ሳለ ታሪኩ በእጁ ተለወጠ። የእሱን መጽሐፍ በ1939 አሳተመው። 1939 ቶምሰን ከ19ኛው በኋላ ብዕሯን ያስቀመጠችበት፣ ፊልሙም የወጣበት ዓመት ነው። ቮልኮቭ ተከታዮቹን 5 መጻሕፍት ከራሱ ፈጠረ፤ በሶቪየት ኅብረት ያደጉ ልጆች ኦዝን የሚያውቁት በእሱ በኩል ነው። ከእሱ ሞት በኋላም ሌሎች የሩሲያ ጸሐፊዎች ቀጠሉት። ቮልኮቭ የተወለደው በ1891 ነው፤ ቶምሰን የተወለደችበት ዓመት። እሷ በ1976 ሞተች፣ እሱ በ1977። የማይተዋወቁ ሁለት እኩያሞች፣ የአንድ ሟች ሰው ተረት ከሁለት ወገን ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሸከሙት።

ይህን ሁሉ አምቦ ላይ ሆኜ ስቆጥር፣ ለእኛ አዲስ ነገር ነው ብዬ አላስብም። ምሽት ላይ እዚህ አካባቢ ያለ ግቢ ውስጥ ገብተው ልጆች አያታቸውን ከበው ሲያደምጡ አብረው ይቀመጡ። አኮዬ ስለ ጦጣና ስለ ጅብ ይናገራሉ። ጅቡ ተታሎ ጉድጓድ ሲገባ ታሪኩ ያበቃል። ከልጆቹ አንዱ ግን፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ትንሹ፣ ከዚያስ? ይላል። አኮዬ ደከማቸው። ትልቋ እህት ትቀበልና ጅቡን ከጉድጓዱ ታወጣዋለች፤ ገመድ ታቀብለዋለች፣ ጦጣዋን ታስፈራራታለች፣ ጅቡን ጉደር ወንዝ ድረስ ታባርረዋለች። ያ የእሷ ነው፤ አኮዬ የነገሩት ውስጥ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ታሪኩ ሲነገር የጉደር ወንዝ ገብቶበታል። በአማርኛም ተረት ነጋሪው ሲጨርስ ተረቴን መልሱ ይላል፤ አድማጩ ባለዕዳ ሆኖ ይነሣል።

የአፍ ስሌት ከማተሚያ ቤት ስሌት ይፈጥናል። አንዲት አያት ለ5 የልጅ ልጆች ትናገር። እያንዳንዳቸው አድገው ለ5 ይናገሩ። ሁለተኛው ዙር 25፣ ሦስተኛው 125፣ አራተኛው 625፣ አምስተኛው 3,125፣ ስድስተኛው 15,625፣ ሰባተኛው 78,125። በሰባተኛው አፍ ላይ አድማጩ በ1999 ዓ.ም. ከተቆጠረው የአምቦ ሕዝብ በልጧል፤ እርግጥ አንዱን ሰው ሁለት ሦስቱ ስለሚያገኙት በተግባር ያንሳል። ወረቀት አልወጣበትም፣ ቀለም አልፈሰሰበትም። ጉዳቱ ግን ከሰባቱ አንዷ ዝም ካለች ከእሷ በታች ያለው ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነው።

ለዚህ ነው የአስቴር ጋኖ ቁጥር ከኦዝ 3 ሚሊዮን ይልቅ ልቤን የሚነካው። አስቴር በልጅነቷ በባርነት ተወስዳ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትጓዝ በ1886 የጣሊያን መርከብ ጀልባዋን ይዞ ነጻ አወጣት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ አናሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ ችሎታዋን አይቶ ሥራ ሰጣት። ከትውልድ አገሯ ተነጥቃ፣ አያት አጠገቧ ሳይኖሩ፣ መጽሐፍ ሳታይ፣ ከራሷ ትዝታ ብቻ 500 የሚሆኑ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ጻፈች። 500! ለኦሮምኛ መዝገበ ቃላትም ቃላት ሰብስባለች። ከተረቶቹ ብዙዎቹ በ1894፣ በ1886 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ለኦሮምኛ ጀማሪ አንባቢዎች በተዘጋጀው መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ታተሙ። ዶሮቲ ከካንሳስ በዐውሎ ነፋስ ከመነሣቷ 6 ዓመት በፊት ነው። በኋላ ነቀምት ገብታ ልጆች አስተማረች፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ አምቦን አልፎ የሚሄደው ነው። ያረፈችው በ1964 ነው። አርባኛው የኦዝ መጽሐፍ ከታተመ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የኦዝን 63 ዓመት ከነጀማሪዋ ከነጨራሾቿ በዕድሜዋ ጠቅልላ ይዛዋለች።

ሌሎችም አሉ። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥተው 42 ዓመት ለልጆች ተረት ተናግረዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ብንቆጥር 2,184 ምሽት ይሆናል። 42ቱ ዓመት ከቶምሰን 19 ዓመት ከእጥፍ ይበልጣል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ብሪታኒያዊቷ የልጆች ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ ከክልል ክልል እየዞረች፣ ተረት ነጋሪዎችን እያዳመጠች፣ 300 ገደማ ተረት ሰበሰበች። የአስቴርን 500 እዚህ ላይ ስንጨምር ወደ 800 እንደርሳለን፤ አንዱ ከሌላው ቢደጋገምም እንኳ ኦዝን ደጋግሞ ሊሠራ የሚችል ማገዶ ነው።

ያለን ክምችት ብዙ ነው። የሚያንሰን በወረቀት ላይ የመቀበል ልማድ ነው። አንዱ ሰብስቦ ሲያሳትም ሌላው ተረቱን እንደ ቅርስ ያከብረዋል፤ ከዚያስ? ብሎ የሚቀጥለው አይኖርም። ግቢ ውስጥ ትንሿ ልጅ የምታደርገውን ነገር መጽሐፍ ላይ ስንደርስ እንፈራዋለን። የቦዳው ልጅ ፀጋዬ ገብረ መድኅን ግን አልፈራም፤ ሼክስፒር ከሞተ ከ300 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ኦቴሎንና ሐምሌትን አማርኛ አናግሯቸዋል። ቦዳ ደግሞ ከአምቦ ሩቅ አይደለም።

ሕጉም በሩን ጨርሶ አልዘጋም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። አባባ ተስፋዬ ያረፉት በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ስለሆነ በራሳቸው የጻፏቸው ታሪኮች እስከ 2059 ዓ.ም. የወራሾቻቸው ናቸው። የወራሽ ፈቃድ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም፤ ሞድ ባውም ባሏ በሞተ በ2 ዓመት ውስጥ ፈቅዳለች። አስቴር ከትዝታዋ የጻፈቻቸው የኦሮሞ ተረቶችማ የጋራችን ናቸው፤ ፈቃድ የሚጠየቅለት ጸሐፊ የላቸውም።

ቶምሰን በ1972 ያሳተመችውን መጽሐፍ ያወጣላት የታወቀ ማተሚያ ቤት አልነበረም። የኦዝ ወዳጆች ማኅበር ነው። ያንን ማኅበር በ1957 የመሠረተው የ13 ዓመት ልጅ ሲሆን ሲጀመር አባላቱ 16 ነበሩ። የአምቦ ልጆች ክፍላቸው ውስጥ ከ16 ይበልጣሉ፤ ትምህርት ቤቶቻችን ሚኒ ሚዲያና የንባብ ክበብ አላቸው። አንድ የአስቴር ተረት በቁቤ ተገልብጦ በደብተር መጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። ቀጥሎ 7 ልጆች በየተራ፣ እያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ፣ ያለፈውን አንብቦ የራሱን ይጨምርበት፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይሁን። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በግንጪና በባኮ በየከተማው 8 ክፍል ቢጀምረው 40 ደብተር ይሆናል። ጸሐፊዎቹ 280።